ከቤት የማይርቅ ማደሪያ

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 1988

አይሆንም አልኳት። ሦስት ጊዜ አልኳት። በሦስተኛው ሳህኑን ገፋ አድርጋ ተነሳች፤ እራቷንም አልበላችም።

ነገሩ ይኸው ነው። ልጄ ሰናይት ከስፖርት አስተማሪዋ ከቲቸር ምስራቅና ከሦስት ሴት ጓደኞቿ ጋር የፊታችን ቅዳሜ መናገሻ ጫካ ሄዳ ልታድር ነው። ቦርሳ በጀርባ አዝሎ፣ በእግር ተጉዞ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር። ለምን? ለምንም! ለመዝናናት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አልጋዋን ትታ መሬት ላይ ልተኛ ብላ አለቀሰች ብል ማን ያምነኛል? እኔ በልጅነቴ መሬት ላይ የተኛሁት አልጋ ስላልነበረን ነው።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አባቷ ከሞተ አራት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆኛለሁ እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ድሮም ፈሪ ነበርኩ፣ አሁን ምክንያት አገኘሁ እንጂ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ አንድ ነገር ካልመዘገብኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ፦

ጅብ። እባብ። የጥር ብርድ። ሰካራም። መንገድ ላይ የሚቆም ጎረምሳ። ሐኪም በሌለበት የሆድ ቁርጠት። የሰው አፍ።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። በሯ ላይ ቆሜ ለቅሶዋን ስሰማ ሆዴ ባባና፣ “ከቤታችን የማይርቅ ደህና ቦታ ቢኖር እኮ እሺ ባልኩሽ ነበር” አልኩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። “ማን ይፈልገው?” አለች ከውስጥ። “እኔ ራሴ!” አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አሁን ስጽፈው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ፈላጊዋ እኔ ከሆንኩ ላላገኝም እችላለሁ። እንከን የሌለው ቦታ የት አለ? እስከ ቅዳሜ እንከን እየለቀምኩ ብሰነብት ይበቃኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ተሳልሜ ቢሮ ገባሁና የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ “ለምን?” ሲለኝ “ቦታ ልፈልግ” አልኩት። ቤት ልሠራ መስሎት “እንኳን ደስ አለሽ!” አለኝ። አላረምኩትም።

አንደኛ፣ ከመካኒሳ ድልድይ በታች ወንዙ ዳር። ሣሩ ለምለም፣ ጥላውም ጥሩ። ውሃው ግን አረፋ ደፍቆ ነው የሚወርደው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሁለተኛ፣ ላፍቶ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ። እንጨት ተሸክመው የሚወጡ ሴቶች አገኘሁ። “እዚህ ማደር ይቻላል?” ብላቸው አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና “ምነው እህቴ፣ ባልሽ አባረረሽ?” አለችኝ። የቀሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ከዛፎቹ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁና እየሮጥኩ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዘበኛ ይሆናል። ቢሆንም ጻፍኩት።

ሦስተኛ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ። አንድ አባት “እዚህ የሚታደረው ለጸሎት ነው እንጂ ለሽርሽር አይደለም፣ ልጄ” አሉኝ። ይህን ከሁሉም በላይ ወደድኩት። ቄስ ከከለከለ ማን ይከራከረኛል?

ማታ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጉንጯን ደግፋ ሰማችኝና “ነገስ የት ትሄጃለሽ?” አለች። ከልቧ አምናኛለች። እሱ አልተመቸኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ጉድ ሆንኩ። ቦታው ተገኘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቢሮ ሾልኬ ወጣሁ። ጀሞ ተራራ ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ ጎረቤቴን እትዬ አስካለን ይዤ ነው የሄድኩት። ተራራው ግርጌ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶውን ቀርቷል። አንድ አውድማ አለ፤ የተለሰነ፣ የተደለደለ፣ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ። የአውድማው ባለቤት አደ ጫልቱ የሚባሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው፣ ቢጠሯቸው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ነው።

“ውሃስ?” አልኳቸው። ምንጩን አሳዩኝ፤ ጠጥቼ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። “ጅብስ?” “አለ” አሉኝ። ልቤ ዘለለ፤ አገኘሁት ብዬ! “አለ። ግን እሾኹን አያልፍም። ውሾቼ ደግሞ አይተኙም። አርባ ዓመት እዚህ ስኖር ጥጃ እንኳ አልወሰደብኝም።” “እርስዎስ፣ እንግዳ ሲመጣብዎ?” “ልጆች ናቸው አላልሽም? ይምጡ። ምን ችግር አለ?”

እትዬ አስካለ “ምን የመሰለ ቦታ ነው!” እያለች አጨበጨበች። እኔ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ድንጋይ ሁሉ እያነሳሁ ሥሩን አየሁ። ምንም የለም። ደህና ቦታ ማግኘት እንደዚህ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቤት ስገባ ሰናይት “እህስ?” አለችኝ። ድስቱን እያማሰልኩ፣ ፊቷን ሳላይ፣ “አልተገኘም” አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ውሸት እግር የላትም ይባላል። የኔዋ አንድ ቀን እንኳ አልቆመችም። እትዬ አስካለ ሚጥሚጣ ልትበደር መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ “ያ የጀሞው አውድማ ግን ሰው ቢተኛበት አይቆጭም!” አለች። ዓይኔን ብጠቅሳት አልገባትም። እንዲያውም “ዓይንሽን ምን ነካው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሰናይት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “እማዬ፣ ፈራሁ ብትይኝ እኮ ይገባኛል” አለች። ይህን ብቻ ብላ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

አፈርኩ። በወለድኳት ልጅ ፊት አፈርኩ። ማታ ጠራኋትና ፈቀድኩላት። ቅዳሜ፤ አንድ ሌሊት ብቻ፤ ጀሞ እንጂ መናገሻ የለም። አቅፋ ልትሰብረኝ ደረሰች። ቲቸር ምስራቅም ራሷ መጣች፤ ቀጭን፣ ፊሽካ ከአንገቷ የማይጠፋ ሴት። “እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃቸው” አለችኝ። የያዝኩትን ዝርዝር በሙሉ አነበብኩላት። ሳትስቅ ሰምታ ጨረሰችልኝ፤ አመሰገንኳት።

ብርድ ልብስ አለ። ባትሪ አለ። ድንኳን ግን የለም። ሰናይት “እሱን ለኛ ተዪው” አለች። ከየት ታመጣላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ሁሉን ነገር ስመዘግብ ያን አንዱን አልጠየቅኩም!

ዓርብ፣ ጥር 24

ዛሬ ጽሑፌ ቢያስጠላ አይገርምም።

ከሥራ ስመለስ ከታክሲ ወርጄ መታጠፊያውን ዞር አልኩ። ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእድራችን ድንኳን! በእኛ ሰፈር ሠርግ ከሌለ ያ ድንኳን የሚተከለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እቤቴ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ቦርሳዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። “ልጄን! ልጄን! ወይኔ ልጄን!” እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ሮጥኩ። ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ “ሰናዬ! የኔ እናት!” እያለች ከኋላዬ ደረሰች። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ማንም ማንን አልጠየቀም፤ ድንኳን አለ፣ እናት ትጮኻለች፣ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ያን ጊዜ ሰናይት ካስማ በእጇ ይዛ ከድንኳኑ ውስጥ ወጣች። ጓደኞቿም ከኋላዋ። እኔ አይቻታለሁ፣ ቆማለች፣ ታየኛለች፤ ለቅሶዬ ግን አልቆም አለ። አቅፌያት ጮህኩ። “እማዬ እኔ ነኝ፣ እማዬ አለሁ” ትለኛለች፤ እኔ ልጄን አምጡ እላለሁ። በስመ አብ፣ ምን ነክቶኝ ነው!

ነገሩ ቆይቶ ተገለጠ። ልጆቹ የእድሩን ንብረት ያዥ ለምነው አሮጌዋን ድንኳን ተውሰዋል። ለነገ ተከላውን ሊለማመዱ ነበር። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ከበሩ ውጭ፣ ያው ሁልጊዜ በሚተከልበት ቦታ ተከሉት። ልጆች አይደሉ? የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ፈለቀ ተቆጡ። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም! የእድር ድንኳን መጫወቻ ነው?” ብለው አስነቀሉና አስጭነው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ግን ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አልነሳም አሉ፤ “ከመጣሁ አይቀር ትንሽ ልረፍ” ብለው።

ከዚያ ምክሩ ዘነበ። ሟርት ነው። ምልክት ነው። በቁሟ የተለቀሰላት ልጅ ከቤት ውጭ አታድርም። ጠበል አስጠምቂያት። እንዳትሰጃት። ሰፈሩ በሙሉ ከኔ ጋር ሆነ። ከሰኞ ጀምሮ የምፈልገው እንከን በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ሰናይት ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትፈሪልኝ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ጠዋት ቦርሳዋ ባዶውን አልጋ ሥር ተጥሏል። “አልሄድም፤ ይቅር” አለች። አልተኮሳተረችም፣ አላኮረፈችም። “አንቺን እንደዚያ ከማይ ይቅር” አለች።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁበት። ግን ደስታው የት ሄደ?

ዳቦ ግዢ ብዬ ላክኋት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ውጭ ካስማው የተነቀለበትን ቀዳዳ አየች። ከዚያ ዞራ በጓሮ በኩል ወጣች። እኔም ጠዋት የወጣሁት በጓሮ ነው! ያ ቀዳዳ ላይ መርገጥ ፈርቼ። ልጄ ደግሞ ምንም ፈርታ አታውቅም ነበር፤ በአራት ዓመቷ ውሻ ላይ የምትጋልብ ልጅ ናት። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል እንዴ? በአንድ ሌሊት አስያዝኳት ማለት ነው። ከጅቡም ከእባቡም ይኸኛው ባሰብኝ።

ዳቦውን ይዛ ስትገባ “ቦርሳሽን አውጪና ተነሺ” አልኳት።

“እማዬ፣ ትሞቻለሽ እኮ።”

“አልሞትም። ብሞትም ድንኳኑ ጋሽ ፈለቀ ዘንድ ታጥፎ ተቀምጧል።”

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ አለቀስኩም።

እትዬ አስካለ “አብደሻል” አለችኝ። ቢሆንም የባሏን የጭነት መኪና አሮጌ ሸራ አውጥታ ሰጠችን። እየተራገመች የሸራውን ቀዳዳ አብራኝ ሰፋች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስቱ ሸራቸውን በተራ እየተሸከሙ ሄዱ። በፊት ለፊቱ በር ሸኘኋት። የካስማውን ቀዳዳ ረግጬ።

አሁን ሁለት ሰዓት ነው። እስካሁን የሰማሁት፦ ውሻ፣ ብዙ ጊዜ። የቆርቆሮ ድምፅ። እትዬ አስካለ በግድግዳ በኩል፣ “ተኛሽ?” “አልተኛሁም።” ጅብ፣ በጀሞ በኩል፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ለምን ዝም አለ?

እሁድ፣ ጥር 26

ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ያለችው ልጅ አራት ሰዓትም አልመጣችም። አራት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ ጓደኞቿ ናቸው። ሦስት ብቻ።

“ሰናይትስ?” ማለቴን አላስታውስም፤ ሳልል ግን አልቀርም። አንዷ ፈጠን ብላ “ደህና ናት፣ ደህና ናት! ቲቸር አብራት አለች። ‘እናቴ ካልመጣች አልወርድም’ ብላ ነው” አለች።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት እንጃ። አውድማው ላይ ከቲቸር ምስራቅ ጋር ድንች ጠብሳ ስትበላ አገኘኋት። ፀጉሯ ገለባ ለብሷል። ምንም አልሆነችም። ልመታት እጄን አነሳሁና አቀፍኳት።

“ጅቡ መጣ” አለችኝ። “እሾኹ ጋ ቆሞ ሄደ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ከእሱ ይልቅ ስለ አንቺ ሳስብ ነው ያደርኩት። አሁን ምን እየታያት ይሆን እያልኩ። እማዬ፣ እቤት ሆነሽ የሚታይሽን ነገር እኔ ላጠፋልሽ አልችልም። አንድ ሌሊት አብረሽኝ እደሪ። ከዚያ በኋላ ደግመሽ አትሂጂ ካልሽኝ አልሄድም።”

“ነገ ሥራ አለኝ” አልኳት።

“እዚሁ አድረሽ ትሄጃለሽ።”

ቲቸር ምስራቅ ጫማዋን ስታስር ፈገግታዋን ደበቀችኝ። አደ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ሆነው “ለእናትየው ቆዳ አንጥፉላት፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል” አሉና የበሬ ቆዳ ላኩልኝ። ማንም እሺ በይ ወይም አትበይ ያለኝ የለም። ቆዳው ግን ተነጠፈ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ቲቸር ምስራቅ ከወረደች ቆየች። ይህን የምጽፈው ቆዳው ላይ ተቀምጬ ነው። ብርዱ ከወዲሁ እግሬ ውስጥ ገብቷል። በተራራው ገደል በኩል አንድ ነገር ጮኸ፤ ሰናይት ወፍ ነው ትላለች፤ እኔ ወፍ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ጫማዬን አጠለቅሁ። ሁለት ጊዜ አወለቅሁት።

መሽቶ ፊደሉ አልታይ እያለኝ ነው። “እማዬ፣ በቃ፣ ደብተርሽን ዝጊና ግቢ” ትለኛለች ከሸራው ውስጥ። ፈርቻለሁ። እየገባሁ ነው።