ሽማግሌዎቼን ስላስቀመጡልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የማኅተምዎን መድረቅ አለመድረቅ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለጽሕፈት ቤትዎ ይሁንና፣ ከመጠን በላይ ደኅና ነኝ፤ የቸገረኝም እሱው ነው።

ስሜ ሠርክአዲስ ገነነ ይባላል። የማንኩሳ ገበሬ ልጅ፣ የስፖርት ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። በመስኮት ቁጥር አራት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እርስዎ ዘንድ መድረሻው ጠፍቷቸው እንደሆነ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ የትምህርት ክፍል ምርጫ ስሞላ አፈር ሳይንስን አንደኛ፣ ስፖርት ሳይንስን አሥራ አራተኛ አደረግሁ። አሥራ አራተኛውንም የጻፍኩት ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው ስለተባልኩ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ቅጹን ከታች ወደ ላይ አንብቦ፣ እኔ ራሴ የማላውቀውን ተሰጥኦ ስላገኘልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት የሮጥኩት ጥጃ ያመለጠኝ ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም አልያዝኩትም።

ሁለተኛ፦ ልዛወር ብዬ ስጠይቅ፣ ዝውውር የሚፈቀደው በሕመም ምክንያት ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። መመሪያ ነውና አከብራለሁ። ነገር ግን በየማለዳው ሜዳውን አሥር ጊዜ እያዞራችሁኝ በምን አቅሜ ልታመም? እዚህ ከመጣሁ ጉንፋን እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

ደግነቱ የቅያሪ መንገድም አለ ተባለና፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አፈር ሳይንስ የደረሰው ምስክር ቢያዝን የሚባል የቡሬ ልጅ አገኘሁ። ምስክር ኳስ ካየ እህል ውኃ የማያሰኘው ልጅ ነው። እሱ ወደ እኔ ቦታ፣ እኔ ወደ እሱ ቦታ ልንሄድ ተስማማን፤ የእሱ ዩኒቨርሲቲም ፈረመ። የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ የካቲት 9 ሲዘጋ ግን ቅያሪው ያበቃለታል።

ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ስወላውል መክረሜን አልደብቅዎትም። ብዛወር ከአንደኛ ዓመት ነው የምጀምረው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እንቁ፣ ዲግሪ ዲግሪ ነው፣ ካበድሽ ንገሪኝ እያለች ቁም ስቅሌን አሳይታኛለች። ልቀርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያስጨከነኝ ባለፈው ክረምት አገሬ ገብቼ የገጠመኝ ነው። ከወንዙ አጠገብ ያለው ማሳችን ስንዴው ገና በእንጭጩ ቢጫ ይሆናል፤ ማዳበሪያም አልፈየደውም። አባቴ ማሳው ዳር አቁሞ፣ ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲው ስለዚህ ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ከምል ብዬ፣ ሰው ከማረሱ በፊት ጡንቻውን እንዴት እንደሚያፍታታ እየተንጠራራሁ አሳየሁት። አባቴ ጨዋ ነውና እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ ይህንንስ በሬዎቹም ከቀንበር ሲፈቱ ያደርጉታል አለኝ። ያን ዕለት ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው። አባቴ እምቢታዎን እንደ ጸብ ቆጥሮት ኅዳር ላይ ሽማግሌ ላከብዎት፤ አያ ዳኘውንና መሪጌታ ቢሆነኝን። ከፍኖተ ሰላም ተሳፍረው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሙ። በእኛ አገር ለልመና የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እርስዎ ጉዳያቸውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ እናየዋለን ብለው፣ ወንበር አስመጥተው አስቀመጧቸው። የእኔ ጌታ፣ ምን ነካዎት! እነሱም ረጅም ምርቃት መርቀውዎት ወጡና፣ ማንኩሳ ገብተው ተፈቅዷል ብለው አበሠሩ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ያን ማሳ አልነካውም። ልጄ መጥታ አፈሩን ሳታየው ሞፈር አያርፍበትም ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ መሬቱን መገልበጥ ሲጀምር፣ የእኛ ማሳ የእርስዎን ወንበር አምኖ ተቀምጧል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ሁለት ሽማግሌ ቀጣፊ ከሚባሉ፣ እኔ ከአንደኛ ዓመት ብጀምር ይሻለኛል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ከማለዳው ሩጫ በተረፈኝ ትንፋሽ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ለጊዜው ስፖርተኛዎ፣
ሠርክአዲስ ገነነ
ጥር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

የተረሳ፦ ሽማግሌዎቹ እውነቱን ትናንት በስልክ ከእኔ ሰምተዋል። ለአባቴ እንዳልነግረው አስምለውኛል። በእርስዎም አልተቆጡም፤ ምናልባት ቁጥራችን አንሶባቸው ይሆናል ብለው፣ ሰባት ሆነው ሐሙስ ጠዋት ይደርሳሉ። ለወንበር አይጨነቁ፤ በዚህኛው ጊዜ ፊርማውን በዓይናቸው ሳያዩ አይቀመጡም።