ሁለት ሪትም ጊታር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3
የባንዳችን ልምምድ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው በድራመሩ ጋራዥ። የጊታሬን ክር ቀየርኩ። ድምፃዊው አለቃችን አንድ ባለኮፍያ ይዞ መጣ። «ሪትም ጊታር ይመታል፣ ከአንተ ጎን ይቁም» አለኝ። ሪትም ጊታሩ፣ ኮርድ እየመታ ዘፈኑን የሚያጅበው፣ እኔ አይደለሁም እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7
ሰርግ ሠራን። ሰውዬው እኔ የምመታውን ኮርድ እዚያው ቦታ ላይ ይመታል። ትንሽ ይቀድመኛል ደግሞ! ሁለት ሰው አንድ በር ላይ ሲጋፋ ማለት ነው። በእረፍት ሰዓት፦ «ወንድሜ፣ አንተ ቀጫጭኑን ክር ያዝ፣ ወፍራሙን ለኔ ተው።» «እሺ ጋሼ።» ተመልሰን ወጣን… ያው! ጋሼ ይለኛል ደግሞ። በሁለት ዓመት ብበልጠው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10
የአለቃችን ትዕግሥት አለቀ። «ጆሮዬን በላችሁት! ጥቅምት ሲያልቅ አንዳችሁን አሰናብታለሁ።» እኔን ቢሆንስ? ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14
የጊታሬን ድምፅ ጨመርኩ። እሱም ጨመረ። ጨመርኩ። ድራመሩ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወተፈ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21
ጉድ! ዕቃ ስንሰበስብ የድምፅ ባለሙያውን «ከሁለታችን ማንን ነው የምታጎላው?» አልኩት። ሳቀ። «ወደ አዳራሹ? ማንንም አላጎላም። ሦስት ቅዳሜ ሁለታችሁንም ዘግቻችሁ ነው የምሠራው፤ መድረክ ላይ ብቻ ነው የምትሰሙት።» ሦስት ቅዳሜ! ሰው ጨፍሯል፣ አጨብጭቧል… አንድም ሰው ጊታሩ የት ገባ አላለም። ባለኮፍያው አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ አለቃ ይሄን ከሰማ ሁለታችንም አለቀልን።» እውነቱን ነው፣ ምን ይደረግ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25
ባለኮፍያው ቤቴ መጣ። ሦስት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ድርቅ ያለ ሰው! በመጨረሻ ምቱን ለሁለት ከፈልነው። እኔ ስመታ እሱ ይተዋል፣ እኔ ስተው እሱ ይገባል። መተው እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ ከጓዳ፦ «እንግዳህ ሄደ እንዴ? አንድ ጊታር ነው የሚሰማኝ።»
ተያየን። ሳቅን… ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28
የድምፅ ባለሙያውን ለምነነው ሁለታችንንም ከፈተን። አማረ! አለቃችን ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ስለሚዘፍን አያየንም። እንዳበቃን እየሮጠ መጣ። «አላልኩም? አንድ ጊታር ይበቃል! ዛሬ አንዳችሁ እጁን ሰብስቧል፣ ጎሽ! ማን ነው የመታው?»
ባለኮፍያው ቀደመኝ። «ጋሼ ነው።»
እኔስ ምን አልኩ? ምንም። እሱ ጊታሩን ሸክፎ ወጣ፤ በዚያው ተሰናበተ። አሁን እሱን ማን ቸር ሁን አለው? ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1
ልምምድ። ጊታሩ ላይ ብቻዬን ነኝ፣ እንደተመኘሁት። እጄ መታ፣ ተወ… የሚገባ የለም። እንደ ድሮው ልሙላው ብል እጄ ተደነቃቀፈ። አለቃችን ማይኩን አስቀመጠ። «ምን ነካህ? የቅዳሜውን ምታልኝ እንጂ!»
«ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው» አልኩት። «ሌላውን ግማሽ እሱ ነው ይዞት የሄደው። ሁለታችንም ነበርን።»
ተዘግተን የሠራናቸውን ሦስት ቅዳሜዎች ሳይቀር ዘረገፍኩለት። ቀላ፣ ጠቆረ። ያባርረኛል ብዬ ጊታሬን ማውለቅ ጀመርኩ።
«እና ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጥራው እንጂ!»
ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። ደግ አደረገ።