የዘለቀ ቢላዋ አዲስ እጀታ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ላንቴ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት ውስጥ እኔና የባሌ የዘለቀ እህት አስቴር።

ከምዕራብ ዓባያ ነው የመጣችው። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም። «እትዬ፣ ዘለቀ ቢላዋውን ላኪልኝ ብሏል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። የአባታቸው ቢላዋ ነው። እዚያ ያገባት ሴት ወንድ ልጅ ወልዳለታለች። ክርስትናው እሑድ ነው፤ በጉ በአያቱ ቢላዋ ይታረድ ተብሏል።

እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን አልወለድኩለትም።

ከሄደ ዓመት አልፎታል። እጀታው የተሰነጠቀው ሊሄድ ሰሞን ነው። «ስመለስ እሠራዋለሁ» ብሎ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እኔም ያንን ቢላዋ እያየሁ፣ ለእሱ ሲል ይመጣል እል ነበር።

«እጀታው እኮ አይያዝም» አልኳት።

«እንዲሁ ስጪኝ፣ እዚያ ያሠሩታል።»

እዚያ።

«እስከ ዓርብ አክስትሽ ቤት አይደለሽ? ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ። እኔ እሠራዋለሁ።» ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እጀታ ሠርቼ አላውቅም።

ረቡዕ። ደመና፣ ዝናብ የለም።

አሮጌውን እጀታ ፈለጥኩት። የዘለቀ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። የእኔን አሳረፍኩበት፤ ሰፋኝ። ከዚያ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ከጓሮ የሽፈራው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ ጠረብኩ። ቶሎ ይታዘዛል፣ ደስ አለኝ። ስለቱ በእሳት እንዳይበላሽ እርጥብ የሙዝ ግንድ ውስጥ ሰካሁትና እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራውን ብቻ ፍሙ ላይ አደረግሁ። ሲግል እንጨቱ ላይ ተጫንኩት። ጨሰ፣ ገባ። አንድ ሸንኮራ ስቆርጥበት እጀታው ለሁለት ተሰነጠቀ።

ጎረቤቴ ጋሽ አንጁሎ በአጥር በኩል አይተው ሳቁ። «ከሽፈራው? ከጎመንስ ለምን አልሠራሽውም?»

እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርብኝ ፊቴን አዞርኩ። ከሰዓት በኋላ የተሰበረ የዶማ እጀታ በአጥሩ አቀበሉኝ። ወይራ ነው።

ሐሙስ። ፀሐይ።

ወይራ ልብ ያወልቃል። ቀኑን ሙሉ ጠረብ፣ ጨበጥ፣ ደግሞ ጠረብ። ሁለት ጣቴን ቆሰልኩ። በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት። ጭራው ሦስት ጊዜ ግሎ ነው የገባው። አይነቃነቅም! ቅቤ ቀባሁት፤ ደማቅ ቡናማ ሆነ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ለጋሽ አንጁሎ አሳየኋቸው። ጨበጡት።

«ጎበዝ ነሽ። ግን ልጄ፣ ይሄ ለማን እጅ ነው?»

ጣቶቻቸው እጀታውን ዞረው መዳፋቸው ላይ አረፉ። ለካ ቀኑን ሙሉ በራሴ እጅ ነው ስለካ የዋልኩት። ለዘለቀ ይቀጥናል። ሌላ ወይራ የለኝም፣ ቀኑም አልቋል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ደስ አለኝ፣ ከዚያ በደስታዬ አፈርኩ። ቢላዋው እዚሁ ቢቀርስ? አልሆነልኝም ብላት አስቴር ትቆጣኛለች እንዴ? ከሄደ ግን ዘለቀን የሚያመጣው ነገር በዚህ ቤት አይቀርም። ሚስማሩ ብቻ ነው የሚቀረው።

ዓርብ፣ ግንቦት 17።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ቢላዋውን ድንጋይ ላይ ሳልኩት። በደረቅ የሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርኩት። አንድ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር አስቴርን አገኘኋት። ፈታ አየችው።

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ።»

«ውይ እትዬ!» አለችና መልሳ ጠቀለለችው። «ምን ልበለው?»

«ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፈው፣ ይላላል። ለእጁ ይቀጥነዋል፤ ጠበቅ አድርጎ ይያዘው።»

ሚኒባሱ መጣ፣ ገባች፣ ሄደ። ወደ ቤት ተመለስኩ። እጄን ታጠብኩ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቁርስ ሠራሁ። ተቀምጬ ጨረስኩት።