የተሰፉት ኪሶች

ይድረስ ለታናሽ እህቴ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ የስፌት መኪናዬም ሳይቀር ደህና ነን።

ልጅሽ አድጋለች። ባለፈው ወር የሰፋሁላት ቀሚስ አንገቱ አልቆለፍ ስላለ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዛወርኩት፤ የጠበባት በግራ በኩል ነው። ወፍራ ነው እንዳልል፣ ምግብ በቀኝ ጉንጯ ብቻ አላምጣ ትተወዋለች።

የመንጋጋ ጥርሶቿ መጥቆር ሲጀምሩ የጠረጠርኩት ቀን ቀን የምትይዛትን ጎረቤታችንን ነው። አፏ ቅቤ፣ ልቧ ጩቤ። ከረሜላ ትደብቅላታለች ብዬ የልጅቷን ኪሶች በሙሉ ሰፋኋቸው። ጥርሱ ግን መጥቆሩን አልተወም።

ይባስ ብላ ሴትዮዋ፣ «እትዬ፣ ስኳር የተበጠበጠ ወተት በጡጦ ይዛ የምትተኛው እኔ ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናግራትም። የወተት ጥርስ እንደሆነ ወዳቂ ነው፤ እሷን ምን አገባት?

ጡጦውን ግን ጥዬዋለሁ። ትኩሳትም ከያዛት ሦስት ቀን ስላለፈ፣ ዛሬ ሱቄን ዘግቼ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፤ ለጥንቃቄ ያህል ነው። ያቺ ሴትዮም ሳልጠራት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማለች።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ፎቶዋን ልኬልሻለሁ። በቀኝ ጎኗ ብቻ የተነሳችው ብርሃኑ በዚያ በኩል ስለነበረ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሪ።

ታላቅ እህትሽ