የአስናቀ ሹራብ

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋሼ እንግዳው፣

ክረምቱ እንዴት ወጣልዎ? እትዬ መሰረትና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

ዘንድሮ አራት ሥራ ባንዴ ጀምሬ ቤቱ ክር በክር ሆኗል። ጎሬ ላለች ደንበኛዬ የጠረጴዛ ዳንቴል ይዣለሁ፤ ለጋቢ የሚሆን ጥጥ ተነድፎ ፈታይ ይጠብቃል፤ ለገበያ የጀመርኩት መሶብም ወገቡ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ያስቆመብኝ የወንድምዎ የአስናቀ ሹራብ ነው።

መስከረም ላይ ደረቱን በክር ለክቼ፣ ክሩን ቋጥሬ ጀመርኩለት። ጥቅምት መጨረሻ ባስሞክረው ሰፋው። ተርትሬ እንደገና ስለካው ከቋጠሮው አራት ጣት ተረፈ። ክሩ ተለጥጦ ይሆናል ብዬ በሌላ ክር ለካሁ። ትናንት መልሼ ስለካው ያም ሦስት ጣት ተረፈ።

እሱ እንደሚያውቁት ነው። «ስንቄ፣ ይኸው ክር ቆጠብኩልሽ፤ ከትርፉ ድርሻዬን አምጪ» ይለኛል። ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ ስለው፣ «መጀመሪያ ቡናው ይለቀም» ይላል። ከተለቀመ በኋላ ደግሞ «ይድረቅ» እንደሚል አውቃለሁ። የኔን ቃል በቀልድ ያልፈዋል፤ የርስዎን ግን አንድ ቀን አልፎት አያውቅም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለው ነበር። ያኔ እዚህ ዝናብ ይጀምራልና መንገዱ ያስቸግራል። ለገና ቢያደርጉት ይሻላል። አሁን የቡና ለቀማውን ምክንያት አድርገው በዚሁ ወር ቢመጡ ደግሞ፣ አልጋዎ ተነጥፏል።

እትዬን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። በጤና ያገናኘን።

አክባሪዎ ስንቄ