ሁለት ጣት ወደ ላይ

እሑድ፣ ነሐሴ 4። ዝናብ ነው፤ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዋለ። ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር።

የመዝሙሩን ግጥም ከጸሎት ቤቱ ላፕቶፕ ግድግዳው ላይ የማሳየው እኔ ነኝ። የሌሎችን እጅ እያየሁ፣ ለብቻዬ እየሞከርኩ ነው የተማርኩት። ታችፓዱ ላይ ሁለት ጣቴን ወደ ላይ ስገፋ ቀጣዩ ግጥም ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ስገፋ ያለፈው ተመልሶ መጣ። ደግሜ ገፋሁ፤ ጭራሽ ወደ መጀመሪያው ሄደ።

«እህት አስካለ፣ ወደ ግብፅ እየመለስሽን ነው እኮ!» አለ ጊታር መቺው። ሕዝቡ ሳቀ።

የሽማግሌያችን የጋሽ ቱሉ ምራት ሌንሴ መጥታ በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። «ውይ እትዬ፣ ትናንት ስለማመድ ለእጄ እንዲመቸኝ ሴቲንጉን ገልብጬው ነበር። ሳልነግርዎት!» አለችኝ በጆሮዬ። ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም።

አምልኮው ሲያበቃ ጋሽ ቱሉ «ከእንግዲህ ላፕቶፑን ሌንሴ ትያዘው፣ አንቺ ዕረፊ» አሉኝ። መድከሜን ማን ነገራቸው?

ሰኞ ጠዋት። ወለሉን ልጠርግ ብዬ ከዘበኛው ቁልፍ ተቀበልኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ሴቲንጉን ወደ ነበረበት መለስኩት። ሁለት ጣቴን ወደ ላይ ገፋሁ፤ ቀጣዩ ግጥም መጣ። ክዳኑን ዘጋሁና ወለሉን ጠረግሁ። በር ላይ ሌንሴን አገኘኋት፤ ሰላም ብያት አለፍኩ። አልነገርኳትም።