ከበሩ ሥር የሚታዩ ጫማዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን፣ ጠዋት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ሳሉስ ለቀቀህ? ሰው ለአባቱ ሲጽፍ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን በዚህ ሰሞን ስለ ጤናህ አፌን ሞልቼ የመጠየቅ መብት የለኝም። ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ። መጀመሪያ ቁጭ በል፣ መነጽርህን አድርግ። ደግሞ ለባለሱቁ እንዳታስነብበው! ዓይኔ ደከመ ብለህ ወደ እሱ ይዘህ እንደምትሮጥ አውቃለሁ፤ ለዚህ ብዬ ነው ፊደሉን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያገዘፍኩት። ይቺን ብቻህን አንብባት።

መልእክትህ ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ሾፌር እሁድ ዕለት አግኝቶኝ «አባትሽ ቅዳሜ ይመጣል፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዞ ነው፤ አስተማሪዋን በአካል አመሰግናለሁ ብሏል፤ ካፖርቱንም አሳጥቧል» አለኝ። ካፖርቱን ማሳጠብህን ስሰማ ሆዴ ባባ። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ያቺን ካፖርት የምታወጣት ለትልቅ ነገር ብቻ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። ድምፄን ስትሰማ «ምን ሆነሻል?» ትለኛለህ፣ እኔም «ምንም» እላለሁ፣ በዚያው ይቀራል። እኔና አንተ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የኖርነው። ትናንት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። «አባዬ ፈተና ደርሶብኛል፣ ሌላ ጊዜ ና» የሚል። ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ አሽጌ፣ ከዚያ ቀደድኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል የለ? ለእኔ ሳይጠራ ሰውነቴ አለቀ።

እንግዲህ ልንገርህ። አባዬ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንተ ሞተሃል። የገደልኩህም እኔ ነኝ።

አትደንግጥ፤ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። የሸኘኸኝ ቀን ለሾፌሩም ለረዳቱም፣ ብርቱካን ለምትሸጠው ሴትዮ ሳይቀር፣ «ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ልታጠና» አልካቸው። ሴትዮዋ «ውሃ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ብትልህ «አንቺ የምታውቂው የቧንቧውን ነው» ብለህ አፏን አስያዝካት። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እስቃለሁ።

በሰዓቱ ነው የደረስኩት። ያንን እወቅልኝ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለ ማደሪያ አንዲት ክፍል ያዝኩ። በማግስቱ ጸጉሬን አበጥሬ፣ የትምህርት ማስረጃዬን በፕላስቲክ አቅፌ ወደ በሩ ሄድኩ። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ይገባሉ። አንዷ በስልክ ስለ ጥናቷ ታወራለች፤ ከምትለው ግማሹ አልገባኝም። የእኛ ሰፈር አንደኛ እዚህ መጨረሻ ብትሆንስ? ብዬ አሰብኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ነገ እገባለሁ ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለብሼ እወጣለሁ፣ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አንተ ስትደውል «ምዝገባው ወረፋ አለው» እልሃለሁ። ወደ ቤት እንዳልመለስ ያቺ ብርቱካን ሻጭ አለች።

በዘጠነኛው ቀን ምዝገባው ተዘጋ። የባነንኩት ያኔ ነው። በአሥረኛው ቀን እየሮጥኩ ገባሁ።

መዝጋቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደከም ያለች ሴት ናት። «እህቴ፣ አርፍደሻል። ከተዘጋ በኋላ የምንቀበለው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ሕመም ወይ ሐዘን» አለችኝ። ለሕመም የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል።

«ለሐዘንስ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዘጠኝ ቀን በቅጡ ያልተኛ ዓይን ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። «ለሐዘን ወረቀት አንጠይቅም። በዚህ የሚዋሽ ሰው የለም» አለችና ቅጹን አቀበለችኝ።

«የሟች ዝምድና» ይላል። አባት፣ እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ። አጎት የለበትም፤ ቢኖር ኖሮ አጎቴን እሠዋው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። እማዬ ከሞተች አሥራ ስድስት ዓመቷ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከአንተ ሌላ የምገድለው ሰው አልነበረኝም አባዬ። «አባት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከሥሩ «የሞተበት ቀን» ይላል። ቀን ከየት ላምጣ? ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቀን አንድ ብቻ ነው፤ መስከረም ስምንት። አውቶቡሱ ሲነሳ ከመስኮቴ ሥር እየተራመድክ እጅህን ያወዛወዝክበት ቀን። እሱን ጻፍኩት።

መዝጋቢዋ ከመስኮቷ ኋላ ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አልዋጠችኝም፤ መታወቂያ ሰጡኝ።

አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል? የአዲስ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምንሠራው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሬዲዮ ትባላለች፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መዝጋቢዋ ጋ ሰምታ ኖሮ ገና ወንበሬን ሳልስብ ወሬው ላቦራቶሪው ድረስ ደርሷል። ዳቦና ሙዝ ይዘው መጥተው ከበቡኝ። «መጽናናቱን ይስጥሽ» ይሉኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» እላለሁ! አንዱ ቀስ ብሎ «ታመው ነበር ወይስ ድንገት?» አለኝ። «ድንገት» አልኩት። ያቺ እንኳን እውነት ነበረች።

የበሩ ጥበቃ ደግሞ አለ። አለቃ ነው የሚሉት፤ መታወቂያ ሳያይ ዲኑንም አያሳልፍም። ባየኸው ትወደዋለህ። አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር ስለው ቆቡን አወለቀ። «የሙያ ወንድሜ ነበራ!» አለ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስገባ ቆቡን ያነሳልሃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ እሱ ሐዘን ይመስለዋል።

ከሁሉ የከፋው ፕሮፌሰሯ ናት። አማካሪዬ ናት፤ ልታመሰግናት ካፖርት ያሳጠብክላት እሷን ነው። አምና አባቷን ቀብራለች። ቢሮዋ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና ለማንም ያልነገረችውን ነገር ነገረችኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍልህም፤ አንድ ነገር እንኳን ልጠብቅላት። የመጨረሻው ሰዓት ላይ አልደረሰችለትም፤ ይኸን ያህል ይብቃህ። ከዚያ እጄን ይዛ «አንቺስ አጠገቡ ነበርሽ?» አለችኝ። «ነበርኩ» አልኩ። «ተመስገን» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ሴሚናሬን ለአንድ ወር አራዘመችልኝ፣ የራሷን መጻሕፍት አዋሰችኝ፣ የጉድጓድ ውሃ መለኪያውን ራሷ ይዛ አሳየችኝ። መጻሕፍቱን በገለጥኩ ቁጥር እርሳሷ ያሰመረበትን አያለሁ፤ አንዲት ገጽ ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ።

አባዬ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያረፈድኩበትን ቀን ታስታውሳለህ? ገመድ ስዘል አምስት ደቂቃ አልፎብኝ መጣሁ። በሩን ዘግተኸዋል። ዳይሬክተሩ «ኧረ ልጅህን አስገባት» ሲልህ ከውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ዛሬ ለልጄ ከከፈትኩ ነገ ለማን እዘጋለሁ?» አልከው። እስከ ዕረፍት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እየተነፋረቅኩ ቆየሁ። ያኔ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያ የቆርቆሮ በር ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ነበር። ጫማዎችህን አየኋቸው። ወደ ወንበርህ አልሄድክም። ያ የግራው፣ በሽቦ የሰፋኸው፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር።

አንተ እንዲያ አድርገህ ያሳደግካት ልጅ ናት እንግዲህ አርፍዳ መጥታ በሬሳህ ላይ ተረማምዳ የገባችው። እኔን አፈር ይብላኝ።

እዚህ ላይ ላቁም። ፕሮፌሰሯ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ትገባለች። ሄጄ ልምጣ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሄጄ መጣሁ።

ፕሮፌሰሯን ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ተቀመጪ ብትለኝም አልተቀመጥኩም።

«በሕይወት አለ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አለ። ደህና ነው። ቅዳሜ ይመጣል።»

«ታድለሽ» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔም መጻሕፍቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል «እኔ ደግፌም ተቃውሜም አልጽፍልሽም። መዝገብ ቤት ሂጂ» አለችኝ። ያቺ «ታድለሽ» ያለቻት ቃል ግን አጥንቴ ውስጥ ገባች አባዬ። ስድብ ቢሆን ይለቀኝ ነበር።

መዝጋቢዋ ቅጹን ከፋይሉ አወጣችና ብዕሯን ሰጠችኝ። «በራስሽ እጅ ሰርዢው» አለች። መስከረም ስምንትን ሰረዝኩት። ጉዳዩ ዓርብ ለኮሚቴ ይቀርባል። ሊያባርሩኝ ይችላሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተመለሺ ሊሉኝ ይችላሉ፣ በማስጠንቀቂያ ሊያልፉኝም ይችላሉ። እሷም አታውቅም። ልወጣ ስል መነጽሯን አውልቃ እየጠረገች «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለሐዘንም ወረቀት ልጠይቅ ነዋ» አለች። አልተቆጣችም፤ ለራሷ ነው የተናገረችው። ነገ አባቱ የምሩን የሞተበት ልጅ እያለቀሰ ይመጣል፤ ማስረጃ አምጣ ይባላል። እሱ ላይ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኸን በምን እንደምክሰው አላውቅም፤ አንተ ካወቅክ ንገረኝ።

ለሬዲዮ ነግሬያታለሁ። እስካሁን ዩኒቨርሲቲው በሙሉ ሰምቷል። ዳቦና ሙዝ ካመጡልኝ መካከል ሁለቱ ዛሬ ሰላም አላሉኝም፤ አልፈርድባቸውም። አለቃን ሲወጣ ጠብቄ በሩ ላይ ነገርኩት። ቆቡን ከራሱ ላይ አውርዶ እያገላበጠ አየውና «ታዲያ ይኸን ሁሉ ቀን ያወለቅኩት ለማን ነው?» አለኝ። ቆቡን መልሶ ደፋና «በይ ይምጣ፤ ራሱ ቆቡን አንስቶ ይመልስልኝ። ሞቶ የተነሣ ዘበኛ አይቼ አላውቅም» አለ። ሳቅኩና እዚያው አለቀስኩ።

ይኸው ነው አባዬ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ልቀጥል እችል ነበር፤ ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ አንተን ብቻ ከደጅ መመለስ ነበረብኝ። ያንን አልቻልኩም። ብትቆጣ መብትህ ነው። በቁሜ ቀበረችኝ ብለህ ባትመጣም አልቀየምም። ግን ና። እባክህ ና። ለጎረቤቱ፣ ለዚያች ብርቱካን ሻጭም፣ ምን እንደምትል አትጨነቅ፤ ከተባረርኩ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ደብዳቤውን ነገ ማለዳ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ፤ ከሰዓት እጅህ ይገባል። ኮሚቴው የሚለውን ግን አንተም እኔም ዓርብ ማታ ነው የምናውቀው። ካባረሩኝ ከበሩ ውጭ ቆሜ ታገኘኛለህ፤ ብርድ ልብሱን እኔ እሸከምና አብረን እንሳፈራለን። ካላባረሩኝ ውስጥ ነኝ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ እንዳልል አፌ ተሳሰረብኝ፤ አንተን ስመርቅ ማን ያምነኛል? ቢሆንም ልበለው። ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ክፉ አይንካህ። ከሞትክበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ የጸለይኩት ይኸንኑ ነው።

ቅዳሜ እዚህ ትልቁ በር ዝግ ነው። እሱም እንደ አንተ በር ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ነው። ውጭ ካጣኸኝ ጎንበስ ብለህ እይ፣ ጉልበትህን ሳታሳምም። ጫማዎቼን ታውቃቸዋለህ፤ የገዛሃቸው አንተ ነህ። እስክትመጣ ድረስ ከዚያ አይነቃነቁም።

ያረፈደችው ልጅህ